እኔ የመረጥኩት ፊልትሮ

ትዝታ የሽማግሌ ሥራ ነው ይሉኛል። እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጥርሴ አልወለቀ፣ ጉልበቴ አልከዳኝ፣ ምርኩዝም አልያዝኩ። ነገር ግን ባለፈው ሐሙስ ደብረ ብርሃን አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ለአባቴ ፒካፕ የናፍጣ ፊልትሮ ስመርጥ፣ ከኋላዬ አንድ ሰው «ፊልትሮ» ብሎ ጠራ። ዕቃውን አይደለም፤ እኔን ነው። ስሜ ገነት ነው። ባደግሁባት መሐል ሜዳ ግን ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ ከቤታችን ውጭ ገነት ብሎ የሚጠራኝ የስም መዝገብ የያዘ አስተማሪ ብቻ ነበር። ዞር ስል ጋሽ አጥናፉ ናቸው፤ ያኔ የአባቴን መኪና ይነዱ የነበሩት ሾፌር። ያ ቡናማ ቆዳ ጃኬታቸው እንዳለ አለ፤ ሰውየው ናቸው በውስጡ የከሱት። ፈገግ ብለው ቆመዋል። እኔ ደሜ ፈላ።

ደሜ የፈላው በሳቸው ብቻ አይደለም፤ ሱቁ ከገባሁ ጀምሮ ሲንተከተክ ነበር። ባለሱቁ የኔ እኩያ ጎረምሳ ነው። «ፒካፑ ዳገት ላይ ጉልበት እያጣ ነው፣ የናፍጣ ፊልትሮ ስጠኝ» ስለው ከስልኩ ቀና ሳይል «ሾፌሩ ይምጣና ይምረጥ እህቴ፣ የተሳሳተ ወስደሽ ትጣያለሽ» አለኝ። «ሾፌሯ እኔ ነኝ» አልኩት። ከራሴ እስከ ጫማዬ አየኝና «እሺ፣ ባለመኪናው ጋ ደውይልኝ» አለ። ሁለት ፊልትሮ ጠረጴዛው ላይ አቁሞልኝ አንዱን ብጠቁመውም አልሰማኝም። አምስት ዓመት ሙሉ ያንን መኪና የምነዳው እኔ ነኝ። የሰው ገብስና ድንች ጭኜ፣ በክረምት ጭቃ፣ በጥቅምት ውርጭ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥዬው የመጣሁት ጭነት የለም። ሆኖም የዚያኑ ሳምንት እሁድ ታናሽ ወንድሜ ደረጀ ቀየት ወደተባለ ቦታ ሄዶ ሙሽራውን ሊያመጣ ሲሆን፣ የቤታችን ሽማግሌዎች ተቀምጠው «ለሠርግ እንኳ ሌላ ሾፌር ይፈለግ፤ የዚች ልጅ እጅ ለሙሽራ አይሆንም» ብለዋል። አባቴም «እስቲ እናያለን» ብሏል። አባቴ «እስቲ እናያለን» ካለ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። እንግዲህ ፊልትሮ ልገዛ የመጣሁት ሌላ ሰው ለሚነዳው መኪና ነበር። ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ደግሞ ከኋላዬ ፈገግ ብሎ የቆመው ሰው ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ወደኋላ ልመለስ። ፒካፑ ቤታችን የመጣው እኔ አሥረኛ ክፍል ስማር ነው። ናፍጣ በሊትር አሥራ ምናምን ብር የነበረበት፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ሻይና ፓስቲ በአምስት ብር ጠግበን የምንወጣበት ጊዜ ነው። እኛ ሴቶቹ ጉልበቱ ላይ አበባ የተጠለፈበት ጂንስና ነጭ ሸራ ጫማ ነበር ፋሽናችን፤ ነጩ ጫማ መሐል ሜዳ ጭቃ ላይ ስንት ቀን ነጭ ሆኖ እንደሚቆይ አትጠይቁኝ። አባቴ ዝተት የሚባለውን የበግ ጠጉር ምንጣፍና በግ ይነግድ ነበር፤ ያንን ባለአንድ ጋቢና ፒካፕ ገዝቶ ሲያመጣ ቀለሙ ነጭ ነበር ይባላል እንጂ እኔ ያየሁት የቅቤ መልክ ነው። ጋቢናው ውስጥ ናፍጣ፣ የበግ ጠጉርና የሙዝ ማስቲካ ይሸታል። አሁን እንኳ ከሦስቱ አንዱ ሲሸተኝ እጄ መሪ ይፈልጋል። ቴፑ አንድ ካሴት ውጦ አልተፋም ነበርና አንድ ዘፋኝ ከጧት እስከ ማታ ስለ አንዲት የሸዋ ልጅ ወገብ ይዘፍንልናል፤ ገበያ ውለው የሚመለሱት ባልቴቶች ሳይቀሩ ከኋላ ጭነቱ ላይ ሆነው ይቀበሉታል። ናፍጣው ከበርሜል ነው የሚቀዳው። ማዞሪያው ላይ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ጎን፣ በርሜሉ ዝናብም ፀሐይም እየተፈራረቀበት ቆሞ ያድራል፤ በጀሪካን ይቀዳልናል፣ እኛም በአሮጌ ነጠላ አጥልለን ታንከሩ ውስጥ እንጨምራለን። ነጠላ ግን ጭቃ ይይዛል እንጂ ውሃ አይዝም። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ልብስ አጥቦ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል።

መኪናው ማስነጠስ ሲጀምር ጋሽ አጥናፉ ፊልትሮው ነው አሉ። አባቴ አማርኛ ያነባል፣ የፈረንጅ ፊደል ግን አያነብም፤ ፊልትሮው ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ በፈረንጅ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ፊልትሮ ፌስታል ውስጥ ጠቅልዬ፣ አባቴን ተከትዬ፣ በሌሊቱ አውቶቡስ ደብረ ብርሃን ገባን። ባለሱቁ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ የሰካ ጎልማሳ ነበር። ሁለት ፊልትሮ ጠረጴዛው ላይ አቆመ። «ሁለቱም ይገባል፣ ያው ናቸው» አለ። ያው አልነበሩም። አሮጌውን አውጥቼ አፍ ለአፍ ገጠምኳቸው፤ የሁለቱም የአፍ ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ ልክ መጣ፣ ጥርሱም ልክ መጣ። ቁመታቸውም ግድ አይሰጥም። አንደኛው ግን በእጅ ሲመዘን ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ በአፉ አጮልቄ ሳይ ወረቀቱ እዚህም እዚያም የተጣጠፈ፣ መሐሉ የሳሳ ነው። ሁለተኛው ከበድ ይላል፣ ወረቀቱ ጥቅጥቅ ብሏል፣ ከሥሩም በእጅ የምትላላ ትንሽ ቡሎን አለችው፤ ውሃ ሲጠራቀም በሷ ይወጣል። «ይኼን» አልኩ። ሰውየው ሳቀ። «ናፍጣ ውስጥ ውሃ ምን ሊሠራ ይገባል ልጄ?» «መሐል ሜዳ መጥተው ከበርሜሉ ቀድተው ይዩት» አልኩት። አባቴ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ ግን እኔ ያልኩትን ገዛ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ያላወቀ የለም። «ልጄ ናት የመረጠችው። ሰውየው ያው ነው ሲለን ሥሩን ገልብጣ አሳየችው» ይላል አባቴ፤ ላጠገቡ፣ ለኋላው፣ ለረዳቱ። ጣርማ በር ወርደን ቦንቦሊኖ ገዛልኝና «አሥረኛን ጨርሺ እንጂ ቴክኒክ ትምህርት ቤት አስገባሻለሁ፤ መካኒክ ትሆኛለሽ» አለኝ። በዚያ ዕድሜዬ ማንም ሰው የወደፊቴን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ፊልትሮውን የገጠምነው ከጋሽ አጥናፉ ጋር ነው። ኮፈኑን ይዤ ከመቆም አልፌ ራሴ በእጄ አጠበቅሁት፤ የእጅ ፖምፓዋን እየጫንኩ አየሩን አስወጣሁ፤ ሲነሳ ድምፁ ተለውጧል። ሦስት ቀን ገበያ ሲመላለስ አንድ ጊዜ አላስነጠሰም። እባካችሁ ይህቺን ሦስት ቀን ያዙልኝ፤ በኋላ ማንም አልያዘልኝም።

አራተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ የተስፋዬ ሠርግ ነው። አክስቴ እታፈራሁ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እቴቴ ነው የምንላት። ጥር ነው፣ ጧቱ ጥርስ ያፋጫል። ሚዜዎቹ ከደብረ ብርሃን በኪራይ የመጣ አንድ ዓይነት ሱፍ ለብሰዋል፤ እጅጌው ላንዱ ሲያጥር ለሌላው ጣቱን ይሸፍናል። ሙሽራው ጋቢና፣ እኔና አጃቢው ከኋላ ጭነቱ ላይ ሆነን፣ ከጓሳ ማዶ ወዳለው የሙሽሪት ቀዬ ተነሳን። ጓሳ ዳገቱ ላይ መኪናው አንዴ ነቀነቀን፤ ደግሞ ነቀነቀን፤ ቆመ። ከበሮው ትንሽ ጊዜ ብቻውን መታና እሱም ቆመ። ወርደን ነፋሱ ላይ ተኮለኮልን። አንዱ ሚዜ ሱፉ እንዳይበላሽ ብሎ ሊቀመጥበት ሣር ሊያጭድ ሲል የጓሳው ሣር ጠባቂ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ደርሶ «ሣሩ ዘንድሮ ዝግ ነው፤ ሙሽራም ቢሆን አይነቀልም» አለና ቁሞ ጠበቀን። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ እንኳ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብለው ያዩናል።

እኔ ወደ ሞተሩ ሄድኩ። «ጋሽ አጥናፉ፣ ከሥሩ ያለችውን ቡሎን ያላሏት፣ ውሃ ይዞ ይሆናል» አልኳቸው። አንድ ሽማግሌ በበርኖሳቸው ውስጥ ሆነው «ሙሽራ መንገድ ላይ ቆሞ ሴት ልጅ ሞተር ሥር አትገባም» አሉ። ሌላው እጄን ይዞ መለሰኝ። ጋሽ አጥናፉ ፊልትሮውን ፈቱት፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ውስጡ ያለውን ገደል ደፉና ፊልትሮውንም አስከትለው ወረወሩት። ለሱቁ የወሰድኩት አሮጌው ጋቢና ውስጥ ነበር፤ እሱን ገጠሙ። መኪናው ተነሳ። በቃ፣ ፍርዱ ተሰጠ። አሮጌው ሲገጠም ተነሳ፣ አዲሱ ሲገጠም ቆመ፤ አዲሱን የመረጠው ማን ነው? «የተሳሳተ ነው የገዛችው» አሉ ጋሽ አጥናፉ፣ ዓይኔን ሳያዩ። ሦስት ቀን ሠርቶ አልነበር ወይ ብዬ ጮህኩ፤ ነፋስ ወሰደው። እዚያ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች፤ የሙሽሪት ወገን ሴቶች ደጃፉን ዘግተው ጠበቁን፣ ግጥሙንም አዘጋጅተውታል፦

መኪናው ደከመው፣ ጓሳ ላይ ተኛ፤
በቅሎ ያምጣው እንጂ የሩቅ መንገደኛ።

ማታ ስንመለስ ግጥሙ ከኛ ቀድሞ መሐል ሜዳ ገብቷል። በሳምንቱ ትምህርት ቤት «ፊልትሮ» ሆንኩ። ሻይ ቤት ስገባ «እስቲ ሻዩን አጥልይልን»፤ ጀሪካን ይዤ ሳልፍ «እንዳታቆሚው አደራ»። ፈተና ወድቆ የወጣ ልጅ እንኳ «ፊልትሮ አይታኝ ነው» ይል ነበር። ይህን ሁሉ መቻል ይቻላል። ያልቻልኩት የአባቴን ዝምታ ነው። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሲሰማ ልጄ መረጠች ያለ ሰው፣ ስለ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሁለተኛ አፉን አልከፈተም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሱቁ ውስጥ ዝተት አጣጥፌ ስሸጥ ኖርኩ። መንዳት የተማርኩት ጋሽ አጥናፉ ታመው ሲተዉ፣ አባቴ ሌላ ሰው ስላጣ ነው። ሰው ስላጣ። ይኼው ነው ማዕረጌ።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት እሳቸው «እንኳን ተገናኘን፤ እሁድ ሠርግ አላችሁ አሉ» ሲሉኝ ሰላምታውንም አልመለስኩ።

«አለን» አልኳቸው። «እርስዎ ባስወጡብኝ ስም የተነሳ እኔ እንዳልነዳ ተወስኗል።»

ጋሽ አጥናፉ ፈገግታቸው ጠፋ። ጠረጴዛው ላይ ጎረምሳው ካቆማቸው ሁለት ፊልትሮዎች አንዱን አነሱ፤ ከሥሩ ቡሎን ያላትን። አገላበጡት።

«ያኔም እንዲህ ያለውን ነበር የመረጥሽው» አሉ። «ልክ ነበርሽ።»

«ምን አሉ?»

«ልክ ነበርሽ አልኩ። ስፈታው ግማሹ ውሃ ነበር። ያንን ውሃ ባይዘው ኖሮ ፖምፓው ተበልቶ ነበር፤ ያኔ ሙሽራው ይቅርና መኪናውም አይገባም። አሮጌው ሲገጠም የተነሳው ውሃውን ያንቺው ይዞት ስለቀረ ነው።»

«ከበርሜሉ ነዋ ውሃው። ይህን መናገር ምን ያቅታል?»

«ከበርሜሉ አይደለም። የበርሜል ውሃ ዝገት ዝገት ይላል። ይኼ ጥርት ያለ ነው፤ ከሥሩ የቤተ ክርስቲያን እምነት ዘቅጦበታል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጸበል ነው። በዋዜማው እታፈራሁ ጠርሙስ ይዛ ታንከሩን ስትከፍት አይቻታለሁ። ክዳኑን የምትቀባ መስሎኝ አለፍኩ። ታንከሩ ሥር ተኝቶ አድሮ ዳገቱ ላይ መኪናው ሲያዘነብል ወደ ቱቦው ገባ።»

ጎረምሳው ስልኩን አስቀምጦ እያዳመጠ ነው።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ብዬ ልናገር? ሙሽራ ቆሞ፣ ጸበል መኪና አቆመ ልበል? የሙሽሪት ወገኖች ቢሰሙ ገዱ አላማረም ብለው ልጃቸውን ይዘው ይቀሩ ነበር። እታፈራሁስ በምን ፊቷ ደጀ ሰላም ትቆማለች? አንቺ ልጅ ነበርሽ። ልጅ ናት፣ ይረሳላታል አልኩ።»

እስቲ ፍረዱኝ። የጸበሉ ክብር ተጠበቀ፤ ይጠበቅ። የአክስቴ ክብር ተጠበቀ። የሙሽራው ገድ ተጠበቀ፣ የሾፌሩም ሙያ። ይህ ሁሉ ክብር የሚቀመጥበት ቦታ ሲፈለግ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጀርባ ተገኘ፤ ሰፊ ነው ተባለ፣ ተጫነበት። አገራችን ላይ ጥፋት ባለቤት ሲያጣ ለሴት ልጅ ነው የሚዳረው። ይህንኑ ለጋሽ አጥናፉ ነገርኳቸው፣ በዚያው ድምፅ፣ ሱቁ ውስጥ። አልተቆጡም። ስልኬን አውጥቼ አባቴ ጋ ደወልኩና ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«አባባ፣ ጋሽ አጥናፉ የሚሉህ አላቸው።»

ሁሉንም ነገሩት፤ ሳያሳጥሩ። እሳቸው ሲጨርሱ አባቴ «ሰምቼዋለሁ» አለ።

«ከማን?»

«ከራሷ። የንስሐ አባቷ ንገሪው ቢሏት መጥታ ነገረችኝ። ቆይቷል።»

«ስንት ዓመት?»

«ቆይቷል አልኩሽ። ምን ላድርግ፣ ታላቅ እህቴን ላዋርዳት?»

«እኔን ስታዋርደኝ ግን አልከበደህም።»

«ገነት …»

«ስማኝ አባባ። የመኪናው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው። እሁድ ወይ እኔ እነዳለሁ ወይ መኪናው ከግቢ አይወጣም፤ ደረጀ በእግሩ ቀየት ይግባ። ለሽማግሌዎቹም የምትነግራቸው አንተ ነህ።»

«ምን ብዬ?»

«የሆነውን።»

«እሺ» አለ አባቴ፤ «እስቲ እናያለን» አላለም። ስልኩ ሲዘጋ ጎረምሳው ቡሎን ያላትን ፊልትሮ ወደኔ ገፋ አድርጎ «ይኼኛው ይሁንልሽ አይደል?» አለ። «መጀመሪያውኑ እሱን ነው የጠቆምኩህ» አልኩት።

እሁድ ጧት ግቢያችን ሰው ሞልቶታል። አባቴ ካፖርቱን ለብሶ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመና ተናገረ፤ ይህን አልክድበትም፣ አንድም ነገር አላስቀረም። ጸበሉን፣ ጠርሙሱን፣ የኔን ፊልትሮ፣ የሱን ዝምታ። እቴቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። እኔ ይቅርታ ልሰማ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ለመሆኑ ጸበሉ የየትኛው ደብር ነበር?» አሉ። ሌላው «የማርያም ነው የሚሆነው፣ የሚካኤል ቢሆን አያቆምም» አሉ። «ለምን አያቆምም?» ብለው ሦስተኛው ገቡ። ክርክሩ እየሞቀ ሲሄድ ትቻቸው ጋቢና ገባሁና ሞተሩን አስነሳሁ። ማንም አልከለከለኝም፤ ሙሽራውም ሮጦ አጠገቤ ገባ።

እቴቴ ወደ መስኮቴ መጣች። እጇን በሩ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ለተስፋዬ መስሎሻል ያፈሰስኩት» አለች።

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ላንቺ ነው። አባትሽ በየሻይ ቤቱ ልጄ መረጠች፣ ልጄ ገጠመች እያለ ሲለፈልፍ የሰው ዓይን ይበላታል ብዬ ሰጋሁ። ጸበል እንሂድ ብልሽ መች ትሰሚኛለሽ? እጅሽ የነካውን ዕቃ ላስጠምቅልሽ ብዬ ነው።»

ያሳዝናል፤ አውቃለሁ። ለአፍታም አሳዘነችኝ። ከዚያ አሥራ ሁለቱ ዓመት ትዝ አለኝ።

«እቴቴ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም ስትዪስ ከማን ዓይን እየጠበቅሽኝ ነበር?»

ወደ ኋላ፣ ወደ ጭነቱ ልትሄድ ዞር ስትል «ጋቢና ግቢ» አልኳት። «ደረጀ ጠጋ ይላል። ያ የጓሳ ግጥም ቀየትም ተሰምቷል፤ ስንደርስ ለሙሽሪት ወገኖች እውነቱን የምትነግሪው አንቺ ነሽ፣ ከከበሮው በፊት።»

ገባች። ከከተማው ስንወጣ የምትናገረውን ልምምድ አስጀመርኳት። መጀመሪያ «ያኔ ሰይጣን አሳስቶኝ» ብላ ጀመረች፤ ሰይጣን እዚያ አልነበረም አልኳት። ቀጥላ «በሠርግ ግርግር መሐል ሳላስበው» አለች፤ አስበሽ ነው ያደረግሽው አልኳት። ደረጀ በመሐላችን ከረባቱ አንቆት ሳቁን ይውጣል። ሦስተኛው ላይ «ይች ልጅ ምንም ጥፋት ሳይኖርባት» ብላ ጀምራ ድምጿ ተሰበረ፤ መንገዱም ዳገት ሆነ።

«እንደገና» አልኳት፣ ማርሽ እየቀነስኩ።